ማሽኑ በርቷል ማለት አፑ ይሠራል ማለት አይደለም

ቪኤምዌር ቪስፌር (አንድ ሰርቨር ላይ ብዙ ቨርቹዋል ማሽኖችን፣ ማለትም በሶፍትዌር የተሠሩ ኮምፒውተሮችን፣ የሚያስኬድ ሶፍትዌር) ላይ ኤችኤን፣ ማለትም ብልሽት ሲመጣ ማሽኖቹን መልሶ የሚያስነሳውን አገልግሎት፣ እናበራና «በቃ፣ የሆነ ነገር ቢበላሽ ራሱ ያስነሳዋል» ብለን እንተኛለን። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። ኤችኤ በዋናነት የሚጠብቀው ሰርቨሩን ነው፤ ሰርቨሩ ከሞተ ቨርቹዋል ማሽኖቹን ሌላ ሰርቨር ላይ ያስነሳል። ውስጥ ያለው ዊንዶውስ ሰማያዊ ስክሪን ላይ ተገትሮ ቢያድር ግን ጉዳዩም አይደለም፣ ቪኤም ሞኒተሪንግን (ቨርቹዋል ማሽኑን ራሱን የሚከታተለውን አማራጭ) ለብቻው ካላበራኸው።

እሱን ስታበራ ቪኤምዌር ቱልስ (ማሽኑ ውስጥ የሚጫን አጋዥ ሶፍትዌር) ከማሽኑ ውስጥ የሚልከው የልብ ምት፣ ማለትም «አለሁ» የሚል ምልክት፣ ይታያል። ምቱ ለ30 ሰከንድ ቢጠፋ (የክትትሉ ከፍተኛው ደረጃ ላይ ነው፤ መካከለኛው 60፣ ዝቅተኛው 120) ወዲያው ሪሴት አያደርግም፣ ማለትም ማሽኑን እንደ አዲስ አያስነሳም። ባለፉት 120 ሰከንዶች ዲስክ ወይም ኔትወርክ ላይ እንቅስቃሴ ነበር ወይ ብሎ ያጣራል፣ ምክንያቱም አንዳንዴ የሞተው ቱልሱ ብቻ ነው። ጭር ካለ ሪሴት። ያም በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ሦስቴ ብቻ ነው፣ ከዚያ ይተወዋል።

ዊንዶውሱ ደህና ሆኖ ዳታቤዙ ብቻ ቢቆምስ? ምቱ ይመታል፣ ሁሉም አረንጓዴ ነው፣ ስልክህ ግን አላስቀምጥ ይልሃል። ለዚህ አፕሊኬሽን ሞኒተሪንግ አለ። ግን እሱን መምረጥ ብቻውን ዋጋ የለውም፤ ወይ አፑ ራሱ በኤስዲኬ (ለፕሮግራም ጸሐፊዎች በተዘጋጀ መሣሪያ) ምት እንዲልክ ተደርጎ መጻፍ አለበት፣ ወይ ይህን የሚያደርግለት ሌላ ሶፍትዌር ማሽኑ ውስጥ መጫን አለበት። ሁለቱም ከሌሉህ ቀላሉ ነገር ዊንዶውስ ሰርቪስስ ውስጥ ገብተህ፣ የሰርቪሱን ሪከቨሪ ታብ ከፍተህ፣ ሲወድቅ ሪስታርት እንዲያደርግ ማዘዝ ነው።