ሕመሙ የጠፋ ጥርስ ድኗል ማለት ነውን?

«ሕመሙ በራሱ ስለተወኝ የሥር ሕክምናው ይቅርብኝ?» የሚለው ጥያቄ ስለሚደጋገም ነጥቡን ማብራራት ያስፈልጋል። ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስና ትኩስ ነገር ከተጠጣ በኋላ ቶሎ የማይለቅ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ በጥርሱ ውስጥ ያለው ነርቭ ክፉኛ መቆጣቱን ያመለክታል፤ ያለ ሕክምና በድንገት ሲቆም ደግሞ ነርቩ ሞቶ፣ ተሕዋስያኑ በሥሩ ጫፍ በኩል ወደ አጥንቱ እየዘለቁ ሊሆን ይችላል። ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒትም ደም ወደማይደርስበት የሞተ ክፍል ስለማይገባ ምንጩን አያጠፋም።

ሕክምናው ሥሩን መንቀል ሳይሆን የውስጡን ቦይ አጽድቶ መድፈን ነው። ለምሳሌ የላይኛው የፊት ጥርስ ብዙውን ጊዜ አንድ ቦይ ብቻ ስላለው ጠቅላላ የጥርስ ሐኪም ሊሠራው ይችላል፤ ቦዮቹ ጠማማ የሆኑ መንጋጋ ወይም ቀድሞ ታክሞ እንደገና ያመረቀዘ ጥርስ ግን ለስፔሻሊስት ቢተው ይሻላል። የቀጠሮው ብዛት እንደ ጥርሱ ይለያያል፤ ፊት አብጦ መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ግዴታ ነው።