«ካልተመታ አያወጣም»፦ ስለ እስረኞች መብት ከፊልም የወሰድናቸው ስህተቶች

በጅማ በጥብቅና ስሠራ ከደንበኞቼ፣ ከቤተሰቦቻቸው፣ አንዳንዴም ሕግ ከሚያስከብሩ ሰዎች አፍ ሳይቀር የምሰማው አንድ አባባል አለ፦ «ሌባ ካልተመታ አያወጣም»። ይህን ከየት እንዳወቁት ስጠይቅ ብዙ ጊዜ የሚጠቀስልኝ ፊልም ነው። መርማሪው ተጠርጣሪውን ከወንበር ጋር ያስራል፣ በጥፊ ይመታዋል፣ ፊቱን ውኃ ውስጥ ይደፍቃል፤ ወዲያው እውነቱ ይወጣል፣ የታገተችው ልጅ ትገኛለች፣ ተመልካቹም «እንዲህ ነው እንጂ!» ይላል። በፊልም ይህ የሚሠራው ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ደራሲው አስቀድሞ ስለሚያውቅ፣ ለእኛም ስላሳየን ነው። የጣቢያ መርማሪ ግን በእጁ ያለው ጥርጣሬ ብቻ ነው። ስለዚህ ዱላ ከተመቺው አፍ የሚያወጣው መርማሪው አስቀድሞ የጠረጠረውን ነገር ነው።

ከዳውሮ ለቡና ለቀማ ወደ ጅማ ዞን የመጣ አንድ ወጣት የቡና መጋዘን ሰብሮ ሰርቋል ተብሎ ተከሶ ጠበቃ ሆኜ ቆሜለት ነበር። ለፖሊስ ሰጠ በተባለው ቃል ላይ ጓጉንቸሩን በብረት ፈልቅቆ እንደገባና ጆንያዎቹን በትከሻው እንዳወጣ በዝርዝር ተጽፏል፤ ከሥሩም የጣት አሻራው አለ። ጓጉንቸሩ በኤግዚቢትነት ችሎት ሲቀርብ ዳኛዋ ተቀብለው ደጋግመው አገላበጡት። ብረቱ አልተጣመመም፣ ጭረትም የለበትም፤ የተከፈተው በራሱ ቁልፍ ነበር። መርማሪው በሩ ተሰብሯል ብሎ ስላመነ ልጁም መስበሩን «አመነ»። የሁለቱም እጆቹ አንጓ ላይ የገመድ ጠባሳ ይታይ ነበር፤ ከዚህም በላይ ቃሉ የተጻፈው በማይናገረው ቋንቋ ነበር። ቃሉ ውድቅ ሲደረግ ሌላ ማስረጃ ስላልነበረ በነፃ ተሰናበተ። የቡናው ባለቤት «ሌባዬን አስለቀቅህብኝ» ብለው ተቆጡኝ። ቁልፍ ይዞ የገባው ሰው ግን አልተያዘም፤ ምክንያቱም የእምነት ቃሉ ከተገኘ በኋላ ሌላ ሰው የፈለገ አልነበረም። ድብደባ ንጹሑን ከመጉዳቱ በተጨማሪ ጥፋተኛውን እንደሚያስመልጥ ለእኚህ ሰው ማስረዳት ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ።

ሕጉ በዚህ ላይ ግልጽ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 ንዑስ አንቀጽ 5 ማንም ሰው በማስገደድ የእምነት ቃል እንዲሰጥ እንደማይደረግ፣ በማስገደድ የተገኘ ማስረጃም ተቀባይነት እንደሌለው ደንግጓል። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 31 ደግሞ ፖሊስ በማስፈራራትም ሆነ ተስፋ በመስጠት ቃል እንዳይቀበል ይከለክላል። እኛ በሙያው ያለን ሰዎች በፖሊስ ፊት የሚሰጠውን «የ27»፣ በፍርድ ቤት የሚመዘገበውን «የ35 ቃል» የምንለውም በእነዚሁ የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጾች ቁጥር ነው። በሁለተኛው ጊዜ ዳኛው ቃሉ በፈቃደኝነት የሚሰጥ መሆኑን ሳያረጋግጥ መመዝገብ የለበትም፤ ስለዚህ በጣቢያ የተደበደበ ሰው እዚያ ቆሞ «ተመትቼ ነው» ማለት ይችላል።

ፊልም ማሰቃየትን ትክክል ማስመሰሉ የእኛ አገር ችግር ብቻ እንዳይመስለን። እ.ኤ.አ. በ2006 የዌስት ፖይንት ወታደራዊ አካዳሚ ዲን የነበሩት ጄኔራል ፓትሪክ ፊኔጋን ወደ ካሊፎርኒያ ሄደው የአንድ ታዋቂ ተከታታይ ድራማ አዘጋጆችን አነጋግረው ነበር። ጀግናው በየክፍሉ በማሰቃየት እውነት ሲያወጣ የሚያዩ እጩ መኮንኖቻቸው ማሰቃየትን እንደ ተገቢ መንገድ መቁጠር ስለጀመሩ እንዲያርሙላቸው ለመጠየቅ ነው የሄዱት። እ.ኤ.አ. በ2014 የአሜሪካ ሴኔት የስለላ ጉዳዮች ኮሚቴ ያወጣው ሪፖርትም ሲአይኤ በእስረኞች ላይ የተጠቀመባቸው የማሰቃያ ዘዴዎች መረጃ ለማግኘት ውጤታማ እንዳልነበሩ ደምድሟል።

«ዝም የማለት መብት የአሜሪካ ፊልም ነገር ነው» የሚሉም አሉ። አይደለም፤ በራሳችን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 ንዑስ አንቀጽ 2 የተጻፈ ነው። በአንጻሩ «አንድ ስልክ የመደወል መብት አለኝ» የሚለው በእርግጥ ከፊልም የመጣ ሲሆን፣ የእኛው አንቀጽ 21 ከዚያ የሰፋ መብት ይሰጣል፦ የተያዘ ሰው በትዳር ጓደኛው፣ በቅርብ ዘመዶቹ፣ በጓደኞቹ፣ በሃይማኖት አባቱ፣ በሐኪሙና በጠበቃው ሊጎበኝ ይችላል።

«የተፈረደበት ሰው መብት የለውም» የሚለውም ስህተት ነው፤ ይኸው አንቀጽ 21 ፍርደኛውንም ይጨምራል። በፊልም እስረኛ በጨለማ ክፍል ለወራት ሲቀመጥ እናያለን፤ እ.ኤ.አ. በ2015 በተባበሩት መንግሥታት የጸደቁት የማንዴላ ደንቦች ግን የጨለማ ክፍልን፣ ምግብና ውኃ መቀነስን እንዲሁም ከ15 ተከታታይ ቀናት ያለፈ የብቸኝነት እስርን ይከለክላሉ።

«ዕድሜ ልክ» ሁልጊዜ እስከ ሞት ማለት አይደለም፤ በወንጀል ሕጉ መሠረት በመርህ ደረጃ ከ20 ዓመት በኋላ ፍርድ ቤት በአመክሮ ሊለቅ ይችላል። በአደባባይ ስቅላትም በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 117 የተከለከለ ነው። «ማዕከላዊ ከተዘጋ ወዲህ ድብደባ ታሪክ ሆኗል» ለሚሉም፣ ይህ በአዲስ አበባ የነበረ የምርመራ እስር ቤት በ2010 ዓ.ም. ከተዘጋ በኋላም የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ከጣቢያዎች የሚቀርቡ የድብደባ አቤቱታዎችን በሪፖርቶቹ ማስፈሩን አላቋረጠም።

ፊልሙ የማያሳየው ደግሞ ቤተሰብ ምን ማድረግ እንዳለበት ነው። ዘመዳችሁ ሲያዝ ሰዓቱንና የያዘውን ጣቢያ ወዲያውኑ ጻፉ፤ ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ የሚጠይቀው የጉዞ ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት መቅረብ አለበትና። ስንቅ ስታደርሱ ራሱን ለማየት ጠይቁ እንጂ ሳህኑን ሰጥታችሁ ብቻ አትመለሱ፤ ስታገኙት እጁንና አረማመዱን ተመልከቱ። የችሎቱን ቋንቋ፣ በእኛ ክልል አፋን ኦሮሞን፣ የማይናገር ከሆነ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ እንዲመደብለት ይጠይቅ። ለጠበቃ መክፈል ካልቻላችሁ በፍርድ ቤት ያለውን ተከላካይ ጠበቃ ወይም የጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት የሚሰጠውን ነፃ የሕግ ድጋፍ ጠይቁ፤ የሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽኑም በጅማ ቅርንጫፍ አለው።

ተመትቶ ከሆነ ደግሞ በመጀመሪያው የጊዜ ቀጠሮ ዕለት፣ ማለትም ፖሊስ ተጨማሪ የምርመራ ጊዜ ለመጠየቅ ችሎት ሲያቀርበው፣ ለዳኛው ይናገር፤ በመዝገቡ እንዲሰፍርና ወደ ሆስፒታል ተልኮ የሕክምና ማስረጃ እንዲሰጠው ይጠይቅ። ብዙ ሰው «ዋናው ክርክር ሲጀመር እናገራለሁ» ብሎ ይጠብቃል፤ ክርክሩ ሲጀመር ግን ሰንበሩ ከጠፋ ቆይቷል፣ ዓቃቤ ሕጉም እስከዚያ ድረስ ለምን ዝም እንዳለ ይጠይቀዋል።