የፌይሎቨር ሴቲንግ ምንድን ነው? የስቶሬጅ ትራፊክ በየት በኩል ይሂድ?

ደብረ ብርሃን ያለ አንድ የፋብሪካ ሰርቨር ክፍል እናስብ። ሁለት ሰርቨር፣ ሰርቨሩን ከስቶሬጁ የሚያገናኙ ሁለት የፋይበር ቻናል ስዊች፣ ባለ ሁለት ኮንትሮለር (ዲስኮቹን የሚያስተዳድር ክፍል) አንድ ስቶሬጅ። እያንዳንዱ ሰርቨር ሁለት ካርድ አለው፤ አንዱ በአንደኛው ስዊች፣ ሌላው በሌላው ይሄዳል። ስዊቾቹ ከሁለቱም ኮንትሮለር ጋር ከተያያዙ፣ አንድ ሰርቨር ወደ አንድ ዲስክ የሚደርስበት መንገድ አራት ነው።

የጣርማበር ዋሻ ሲዘጋ ወደ ደብረ ሲና የሚወርደው መኪና ተሰልፎ ይጠብቃል። ዳታው እንዲህ እንዳይሆን ነው አራት መንገድ የሚዘረጋው። አንዱ ሲበጠስ ወደ ሌላው ማዞሩ ፌይሎቨር ይባላል። ሥራው በአብዛኛው የሰርቨሩ መልቲፓዝ ሶፍትዌር፣ ማለትም መንገዶቹን የሚያስተዳድረው ፕሮግራም ነው።

ብዙ ሰው ይህን ሴቲንግ ለክፉ ቀን ብቻ ያስበዋል። ግን ሁሉም ነገር ደህና ሲሆንም ትራፊኩ በየት እንደሚሄድ የሚወስነው እሱ ነው። ራውንድ ሮቢን ከሆነ ትራፊኩ በመንገዶቹ ላይ በተራ ይከፋፈላል። ፊክስድ ከሆነ የተመረጠው መንገድ እስካለ ድረስ በእሱ ብቻ ይሄዳል።

ጣጣው ያለው አክቲቭ ፓሲቭ ስቶሬጅ ላይ ነው። እዚያ ዲስኩን በአንድ ጊዜ የሚያስተናግደው አንድ ኮንትሮለር ብቻ ነው። አንደኛው ሰርቨር በኮንትሮለር ኤ፣ ሌላው በቢ እንዲሄድ ፊክስድ ከተደረጉ፣ ዲስኩ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲጎተት ይውላል። ኬብል አልተነቀለ፣ ስዊች አልጠፋ፤ ሲስተሙ ግን ይንቀራፈፋል። እንዲህ ላለው ስቶሬጅ መጨረሻ የሠራበትን መንገድ ይዞ የሚቆየው ሴቲንግ ይሻላል። አሉኣ (ALUA) የሚባለው ዘዴ ያለው ስቶሬጅ ደግሞ የትኛው መንገድ ቀጥተኛ እንደሆነ ራሱ ለሰርቨሩ ይነግረዋል።

ፌይልባክም አለ፤ የተበላሸው መንገድ ሲስተካከል ትራፊኩ ወዲያው ይመለስ ወይስ ባለበት ይቆይ? የላላ ኬብል ጠፋ መጣ ሲል ወዲያው የሚመልሰው ሴቲንግ ትራፊኩን ወዲያ ወዲህ ያላጋዋል። እኔ በእጅ መመለሱን እመርጣለሁ፤ ሊኑክስም ካልነኩት በእጅ ነው።

መንገዶቹ ሁሉ ቢጠፉስ? ሊኑክስ ላይ ፖሊንግ ኢንተርቫል (መንገዶቹ በየስንት ጊዜ እንደሚፈተሹ) 5 ሰከንድ፣ ኖ ፓዝ ሪትራይ (መንገድ ሲጠፋ ስንት ጊዜ እንደሚሞከር) 12 ከሆነ 60 ሰከንድ ያህል ጠብቆ ስህተት ይመልሳል። ያለ ገደብ ጠብቅ ከተባለ ግን ፕሮግራሙ እንደደረቀ ይቀራል።

ሁለቱ ስዊቾች አንድ ዩፒኤስ ላይ ከተሰኩማ መብራት በሄደ ቁጥር አራቱም መንገድ አብሮ ሊሄድ ይችላል። ያኔ የትኛውም ሴቲንግ አያድንም።