«ሪላያብል» ምንድን ነው? አስተማማኝ፣ ታማኝ ወይስ ሁነኛ?

«ሪላያብል» ደጋግመው ቢፈትኑት የተጠበቀበትን የማያጓድል ሰው ወይም ነገር የሚገለጽበት የእንግሊዝኛ ቅጽል ነው። ዛሬ በሰዓቱ የደረሰ ሾፌር በሰዓቱ ደረሰ ይባላል እንጂ ሪላያብል አይባልም፤ ይህን ስም የሚያገኘው ሳምንቱንም ወሩንም እንዲሁ ሲያደርግ ነው። እንግሊዝኛ ቃሉን ለሰውም፣ ለመኪናም፣ ለዜና ምንጭም፣ ለሚዛንም ያለ ልዩነት ይሰጣል። አማርኛ እንዲህ አያደርግም፤ ብዙዎቻችን የምንሳሳተውም እዚህ ላይ ነው።

ድሬዳዋ ከዚራ ሰነድ በመተርጎም ስለምተዳደር ስህተቱን በየጊዜው አየዋለሁ። አንድ ጊዜ አንዲት ወጣት ለአዲስ ቀጣሪ የምታቀርበውን የሥራ ልምድ ማስረጃ ይዛ መጣች። «ታማኝ ሠራተኛ ነበረች» ይላል፤ ቀድሞ የተረጎመላት ሰው «ሎያል» ብሎታል። ሎያል የሚባለው ለአንድ ወገን ያደረ፣ ከጎኑ የማይለይ ሰው ስለሆነ፣ አዲሱ ቀጣሪ ከደብዳቤው የሚረዳው ልጅቱ ልቧ ገና ከቀድሞ አሠሪዋ ጋር እንደሆነ ነው። አሠሪዋ ሊመሰክርላት የፈለገው ግን ገንዘብና ዕቃ ቢተውላት እንደማትነካ ነበር፤ ለዚህ የሚስማማው «ትረስትወርዚ» ነው። ሥራዋን ስጠይቃት ደግሞ አራት ዓመት ሙሉ የመድኃኒት መደብሩን ቁልፍ ይዛ በየማለዳው አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የምትከፍተው እርሷ እንደነበረች ነገረችኝ። ሪላያብል የሚያሰኛት ይኸው ነበር፤ በማስረጃው ላይ ግን አንድም ቃል አልተጻፈለትም።

ታማኝ፣ አስተማማኝና ተአማኒ ሦስቱም «አመነ» ከሚለው ግስ የተገኙ ናቸው፤ የጸሎታችን መዝጊያ አሜንም ሆነ ሐረር ውስጥ ዘወትር የምንሰማው የአረብኛው አማና የሚመዘዙት ከዚሁ የሴም ቋንቋዎች የጋራ ሥር ነው። የሚለያቸው አሠራራቸው ነው። ታማኝ ከ«ታመነ» ስለተገኘ ያመኑትን የማይከዳ ማለት ይሆናል፤ ስለዚህም መክዳት ለሚችል ብቻ፣ ማለትም ለሰው፣ ሲሰፋም ለውሻ ይነገራል። አስተማማኝ ግን ሌላው እንዲተማመንበት የሚያደርግ ማለት ነው፤ ነገሩ ራሱ ኅሊና ባይኖረውም በተጠቃሚው ልብ ውስጥ መተማመንን ይፈጥራል። ተአማኒ ደግሞ ሲሰሙት የሚታመን ነው፤ ለወሬ፣ ለምስክርነትና ለመረጃ ምንጭ ይስማማል።

በሐረር መንገዶች ላይ ለብዙ ዓመታት በታክሲነት ያገለገለችውን ፔጆ 404 ለምሳሌ እንውሰድ። ፋብሪካው ይህችን መኪና ለገበያ ያቀረበው በ1960 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ፈረንሳይ ውስጥ መመረቷ ካቆመ ከብዙ ዓመታት በኋላም የጀጎልን ዙሪያ ዳገትና ቁልቁለት ስትወጣና ስትወርድ ትታይ ነበር። እንዲህ ያለችውን መኪና አስተማማኝ እንላታለን፤ ታማኝ መኪና የሚል አማርኛ ተናጋሪ ግን አላጋጠመኝም። ሾፌሩን ግን ሁለቱንም ልንለው እንችላለን፣ ትርጉሙም ይለያያል። በየቀኑ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በር ላይ የሚደርስ፣ ነገር ግን መልስ የሚያስቀር የባጃጅ ነጂ አስተማማኝ ቢሆንም ታማኝ አይደለም፤ ሳንቲም የማያጎድል፣ ነገር ግን በየሳምንቱ የሚያረፍድ ነጂ ደግሞ ታማኝ ነው፣ አስተማማኝ ግን አይደለም።

ከእንግሊዝኛዎቹ ተመሳሳዮች ውስጥ ለሪላያብል እጅግ የሚቀርበው «ዲፔንደብል» ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ አንዱ በሌላው ቦታ ይገባል፣ ሆኖም ዲፔንደብል ወደ ሰው ጠባይ፣ ሪላያብል ወደ አሠራርና ወደ ውጤት ያዘነብላል። «ስቴዲ» እርጋታን፣ «ኮንሲስተንት» አለመለዋወጥን ያሳያሉ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሪላያብል የሚለውን ቃል ያጣጣሉ የእንግሊዝኛ ሃያስያን ነበሩ፤ «ሪላይ» የሚለው ግስ «ኦን» ከሚል መስተዋድድ ጋር የሚሄድ ሆኖ ሳለ ቅጽሉ ያንን ጥሎታል የሚል ነበር ክርክራቸው። ለእኛ ይህ ክርክር አይነሳም። «እምነት የሚጣልበት»፣ «የሚመኩበት» ስንል እነርሱ ጎደለ ያሉት ነገር በመጨረሻዋ «በት» ውስጥ በሙሉ ክብሩ ተቀምጧል።

አንድ የሙያ አጠቃቀም ሳይጠቀስ መታለፍ የለበትም። በጥናትና ምርምር ጽሑፎች ውስጥ የመለኪያ መሣሪያ አስተማማኝነት (ሲደጋገም ውጤቱ አለመለዋወጡ) እና ተገቢነት (ሊለካ የታሰበውን በትክክል መለካቱ) ለየብቻ ይመረመራሉ። ቀፊራ ገበያ ላይ አንድ ኪሎ ቲማቲም በተመዘነ ቁጥር ሁልጊዜ 100 ግራም አብዝቶ የሚያሳይ ሚዛን ቢኖር፣ ውጤቱ ስለማይለዋወጥ በዚህ ትርጉም አስተማማኝ ነው፤ ነገር ግን ትክክል አይደለም። ሸማች ይህን ሚዛን አስተማማኝ እንደማይለው እሙን ነው። ስለዚህ የጥናት ጽሑፍ የሚተረጉም ሰው የዕለት ተዕለቱን ትርጉም ከሙያው ትርጉም ጋር እንዳያደባልቅ መጠንቀቅ ይኖርበታል።

መዝገበ ቃላት ሲገለጥ ቶሎ የማይታወሱ፣ በእኔ አስተያየት ግን ከሁሉ የሚልቁ ሁለት ቃላት አሉን። አንዱ «ሁነኛ» ነው። «ሁነኛ ሰው ላክልኝ» ሲባል ታማኝነቱም፣ ችሎታውም፣ ቃሉን መጠበቁም በአንድነት ይጠየቃሉ፤ ዲፔንደብል ስለ ሰው ሲነገር ሁነኛ ብሎ መተርጎም አስተማማኝ ከማለት ይሻላል። ሌላው «አለኝታ» ነው። «አለኝ» ከማለት የተገኘ ስም ስለሆነ በአንድ የእንግሊዝኛ ቅጽል አይመለስም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የድሬዳዋው ወንዝ ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ሰፈር ሲያጠፋ ቤታቸውን ያጡ አንዲት እናት ስለ ጎረቤታቸው የጻፉትን ደብዳቤ በኋላ እኔ ተርጉሜላቸው ነበር። «አለኝታዬ ናት» የሚለውን መጀመሪያ ሪላያብል ብዬ ጻፍሁት፤ መልሼ ሳነበው ስለ መኪና የተነገረ መሰለኝና ሰረዝሁት። በምትኩ እናቲቱን ምን እንዳደረገችላቸው ጠይቄ የነገሩኝን እንዳለ አሰፈርሁት፦ ጎርፉ በመጣ ሌሊት ሳልጠራት በሯን ከፍታ ልጆቼን ያስገባች።