«ኦፔት ለሰለሰ» የምትሉ፣ ክራር ሲቃኝ አይታችሁ አታውቁም?

ደሴ ላይ ሜታል የሚባለውን ከባድ ሮክ የሚሰማ ሰው ቢሰበሰብ አንድ የሻይ ጠረጴዛ ቢሞላ ነው። ጩኸቱ ግን ሰኞ ገበያን ያስንቃል። ወሬው ሁሌም ያው ነው፦ የስዊድኑ ባንድ ኦፔት፣ ይበልጡን ደግሞ ጊታሩንም ድምፁንም ድርሰቱንም የያዘው ሚካኤል ኦከርፌልት። «ድሮ ቀረ!» «2011 ላይ ከዳን!» «ድምፁ ጠፍቶ ነው!» «ፋይሉ ተበላሽቷል!» ግማሹ በአንድ መስመር የሚያልቅ ነው። አንዱ ግን ጆሮ ያቆስላል፤ እሱ ላይ እንቆያለን። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

«ስሙ የሰይጣን ነው»

አይደለም። ዊልበር ስሚዝ በጻፈው ልቦለድ ውስጥ ካለች የጥንት ከተማ ስም የተወሰደ ነው። አለቀ።

«ኢን ካውዳ ቬኔኑም ኋላ ወደ ስዊድንኛ ተተረጎመ»

ተገላቢጦሽ ነው። የ2019ኙ አልበም መጀመሪያ የተጻፈው በስዊድንኛ ሲሆን እንግሊዝኛው ከዚያ በኋላ የመጣ ነው። ቃሉ ዜማው ላይ አልተቀመጠም ብሎ የሚያማርር ሰው ስዊድንኛውን ይሞክር። «ቋንቋው አይገባኝም» የሚለው ሰበብ ወሎ ላይ አይሠራም፤ በመንዙማው ውስጥ ያለው ዐረብኛ ቃል በቃል ሳይገባው ሌሊቱን ሙሉ እየተቀበለ የሚያነጋ ስንት ሰው አለ።

«ዘፈኖቹ በጣም ይረዝማሉ»

ይህን የሚለው ሐድራ ላይ ድቤው ከቀስታ ተነስቶ እስኪግል ድረስ የሚቀመጠው ያው ሰው መሆኑ ይገርማል። አሥር ደቂቃ እኮ ነው፤ አብሽር።

«2011 ላይ ሄሪቴጅን አወጣና ሜታልን ከዳ»

ዋናው ይህ ነው። ታሪኩ ሁልጊዜ እንዲህ ይተረካል፦ ከ1995ቱ ኦርኪድ እስከ 2008ቱ ዋተርሼድ ድረስ ባሉት ዘጠኝ አልበሞች ግራውል፣ ማለትም ያ እንደ አውሬ የሚያጉረመርመው አዘፋፈን፣ ነበረ። አሥረኛው፣ ሄሪቴጅ፣ ላይ ድንገት ጠፋ። ስለዚህ ሰውየው ወይ አርጅቷል፣ ወይ ገበያ ፈልጓል።

ስህተቱ ከቆጠራው ይጀምራል። ከዘጠኙ አንዱ፣ የ2003ቱ ዳምኔሽን፣ አንድም ግራውል የለበትም። ስምንት ዘፈን ነው፤ ሲደመር አርባ ሦስት ደቂቃ ገደማ። የተቀዳውም ዴሊቨራንስ ከተባለው አልበም ጋር በአንድ ሰሞን ነው፤ ከባዱ በአንድ በኩል፣ ለስላሳው በሌላ በኩል ይሁን ተብሎ የተለያየ መንታ። ወደ ኋላ ቢኬድ ደግሞ የ1996ቱ ሞርኒንግራይዝ የሚዘጋው «ቱ ቢድ ዩ ፌርዌል» በተባለ ዘፈን ነው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ግራውል የለውም። ይህ ሁሉ ሲሆን ሄሪቴጅ ገና አልታሰበም።

የሰባዎቹን ሮክ መውደዱም አዲስ አይደለም። የ1998ቱ አልበም ርዕስ፣ ማይ አርምስ ዩር ኸርስ፣ ኮመስ ከተባለው የእንግሊዝ ባንድ የዘፈን ግጥም የተቀነጨበ ነው። የ2001ዱ ብላክዋተር ፓርክ ስሙን ያገኘው ከሰባዎቹ የጀርመን ባንድ ነው። ሰውየው ልጆቹን በማን ስም እየጠራ እንደነበር ያላስተዋለ፣ 2011 ላይ «ይህ ፍቅር ከየት መጣ?» ይላል።

አሁን ክራሩን አምጡ። ትዝታ ላይ ተቃኝቷል እንበል፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ከታዳሚው አንዱ «እስቲ ባቲ!» አለ። ባለክራሩ መቃኛውን ይዞ ሬን ሁለት ግማሽ ድምፅ ከፍ አድርጎ ሚ ላይ ያደርሰዋል፤ ሚን በአንድ ግማሽ ድምፅ ወደ ፋ፣ ላን በሁለት ወደ ሲ ያወጣል። ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ፤ ባቲ ሆነ። ሦስት ክር ተነካ፤ ዶና ሶል ንቅንቅ አላሉም። ባቲና አምባሰል የአገራችን ቦታዎችም የቅኝት ስሞችም ናቸው፤ በዚህ አገር ተወልዶ ቅኝት ቀየረ ብሎ ሰውን ከሃዲ ማለት ትንሽ ያሳፍራል።

ሄሪቴጅ ላይ የተነኩት ክሮች እነዚህ ናቸው፦ ግራውሉ ወጣ፤ የጊታሩ ዲስቶርሽን፣ ያ ሻካራው የኤሌክትሪክ ድምፅ፣ ሳሳ፤ ሜሎትሮንና ሃሞንድ ኦርጋን የተባሉት የድሮ ኪቦርዶች ከኋላ ወደ ፊት መጡ፤ ድራሙም ከከበሮ ድብደባ ይልቅ ወደ ጃዝ አካሄድ አደላ። ያልተነኩት ደግሞ ሁለት ናቸው። አንደኛው ከባድ ክፍል በድንገት ተቆርጦ አኮስቲክ ጊታር በጣት እየተለቀመ ብቻውን የሚቀርበት ነገር ነው፤ ኦርኪድ ላይም አለ፣ ሄሪቴጅ ላይም አለ። ሁለተኛው የድርሰቱ አካሄድ ነው፦ አዝማቹ ላይ እየተመላለሰ ከመሽከርከር ይልቅ አንዱ ክፍል ሌላውን እየወለደ ወደ ፊት መሄድ። ዶና ሶል ማለት እነዚህ ናቸው።

መሸጋገሪያውን በጆሮው መያዝ የሚፈልግ ዋተርሼድ ላይ «ዘ ሎተስ ኢተር»ን ይክፈት። ድራሙ በጣም ፈጣኑን የሜታል ምት እየመታ በላዩ ላይ የሚዘፈነው በንጹሕ ድምፅ ነው። ለወትሮው እዚያ ቦታ ላይ ግራውል ነበር የሚጠበቀው። ከሄሪቴጅ ሦስት ዓመት በፊት መሆኑ ነው፤ በሩ ተከፍቶ ነበር፣ ያየ አልነበረም።

ሄሪቴጅን አለመውደድ ይቻላል። የመሃሉ ዘፈኖች ይበታተናሉ፣ ከ2014ቱ ፔል ኮሚዩኒየን ጋር ሲተያይም ጥሬ ነው። ግን «አልወደድኩትም» እና «ከዳ» የተለያዩ ዓረፍተ ነገሮች ናቸው።

«ድምፁ ስለጠፋ ነው ያቆመው»

2017 ላይ በአሜሪካ ሬድ ሮክስ መድረክ የተቀዳው፣ በቀጣዩ ዓመት የወጣው የቀጥታ አልበም አለ። «ዲመን ኦፍ ዘ ፎል» እና «ዴሊቨራንስ» ከነግራውላቸው ተዘፍነዋል። 2024 ላይ ደግሞ በዘ ላስት ዊል ኤንድ ቴስታመንት ግራውሉ ወደ ስቱዲዮ ሥራውም ተመልሷል። የአንድ ባለጸጋ አባት ኑዛዜ የሚነበብበት ታሪክ ነው፤ ያ ድምፅ ለሟች ቃል ይስማማል። የጠፋ ድምፅ እንዲህ አይመለስም።

ይህ ወሬ የሚነሳው ግራውልን ጩኸት ከማድረግ ስለሆነ አሠራሩን እንናገር፤ እየሞከሩ ጉሮሯቸውን የሚያቆስሉ ልጆች አሉና። ግራውል የሚወጣው ከእውነተኞቹ የድምፅ አውታሮች በላይ ያሉት እጥፋቶች ሲንቀጠቀጡ ነው። ራሱ ድምፁ ያን ያህል ጉልህ አይደለም፤ የሚያገዝፈው ማይክሮፎኑ ነው። ጦሳ ተራራ ላይ ወጥቶ እንደ ፎካሪ መጮህ የሚያሠለጥነው የተሳሳተውን ቦታ ነው።

መነሻው ከባድ ጆንያ ሲያነሱ ሳያስቡት የሚወጣው «እህህ» ነው። አየሩ ከሆድ ይገፋ፤ አንገትና ትከሻ ዘና ይበሉ። በንግግር ድምፅ መጠን ብቻ ያዙት፤ ጎረቤት ከሰማ በዝቷል። አፍን እንደ «ኦ» ሲያሞጠሙጡ ድምፁ ወደ ታች ይወርዳል፤ እንደ «ኢ» ሲዘረጉ ይሳላል። መጀመሪያ ላይ አምስት ደቂቃ ተሠርቶ እረፍት፤ ለብ ያለ ውሃ አጠገብ ይኑር። ካቃጠለ ወይም ካሳከከ በዚያው ቅጽበት ይቆማል፤ «ይለመዳል» ብሎ መግፋት የለም። በማግስቱ ድምፅ ከጎረነነ አሠራሩ ስህተት ነው፤ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ ሐኪም ጋ ነው።

«ሁሉንም ያስተማረው ስቲቨን ዊልሰን ነው»

እንግሊዛዊው ሙዚቀኛ ዊልሰን ብላክዋተር ፓርክን፣ ዴሊቨራንስንና ዳምኔሽንን ፕሮዲውስ አድርጓል፤ የድምፅ ድርርቡና ኪቦርዱ ላይ እጁ ይሰማል። ከእሱ በፊት ግን አራት አልበም ወጥቶ ነበር።

«ሰባት ክር ያለው ጊታር ያስፈልጋል»

ኦከርፌልት አብዛኛውን የሚጫወተው ባለ ስድስት ክር ጊታር ላይ፣ በተለመደው ቅኝት ነው። በ2005ቱ ጎስት ሬቨሪስ ግን ሌላ ቅኝት ገባ። «ጎስት ኦፍ ፐርዲሽን»ን ለመሞከር ከወፍራሙ ክር ጀምሮ ዲ፣ ኤ፣ ዲ፣ ኤፍ፣ ኤ፣ ኢ አድርጉ። የሚወርዱት ሦስት ክሮች ብቻ ናቸው፦ ስድስተኛው፣ ሦስተኛውና ሁለተኛው፣ እያንዳንዳቸው በሁለት ፍሬት (ፍሬት በጊታሩ አንገት ላይ ያለው የብረት መስመር ነው፤ አንዱ አንድ ግማሽ ድምፅ)። አሁንም ሦስት ክር፣ አሁንም ሌላው ባለበት። ስድስተኛው ክር ቀጭን ከሆነ ሲወርድ ይላላና ፍሬቱ ላይ ይንጫጫል፤ ወፈር ያለ ክር ይቀየርለት።

«ያ የሚያስፈራው ድምፅ እኛ ጋ የለም»

አንቺሆዬን በአንድ የጊታር ክር ላይ ተጫወቱት፦ ባዶው ክር፣ አንደኛ፣ አምስተኛ፣ ስድስተኛ፣ ዘጠነኛ ፍሬት። ከባዶው ወደ ስድስተኛው ፍሬት ያለው ርቀት ሜታል ከመወለዱ ጀምሮ የሚመላለስበት ያ አስፈሪ የተባለ ርቀት ነው። እኛ ሰርግ ላይ እናጨበጭብበታለን።

«ፋይሉ ተበላሽቷል»

አንዳንዴ እውነት ነው፤ ስለዚህ መለየት ያስፈልጋል። ፍላሽ ላይ ሲጫን ቦታ ለመቆጠብ በሰከንድ 64 ኪሎቢት ከተጨመቀ የድራሙ ጸናጽል «ሽሽሽ» እያለ ይቀልጣል። የአሥር ደቂቃ ዘፈን በ320 ኪሎቢት 24 ሜጋባይት ያህል፣ በ64 ከ5 ሜጋባይት በታች ነው፤ መጠኑን አይታችሁ ታውቃላችሁ። ሌላው ቅደም ተከተል ነው። ስልኩ በፊደል ተራ ከደረደረው ማይ አርምስ ዩር ኸርስ ይፈርሳል፤ እዚያ አልበም ላይ የአንዱ ዘፈን ግጥም የመጨረሻ ቃል የቀጣዩ ርዕስ ነው። በእያንዳንዱ ፋይል ስም ፊት 01፣ 02 እያላችሁ ጻፉ። ድምፁንም ከባዱ ክፍል ላይ ለኩት፤ ለስላሳው ላይ ከፍ ካደረጋችሁት ቀጥሎ የሚመጣው ብሉቱዝ ስፒከሩን ያንጣጣዋል።

ዳምኔሽን ላይ «ክሎዠር» በምቱ መሃል ድንገት ሲቆረጥ ግን ማንም አልቆረጠባችሁም፤ እንደዚያ ነው የሚያልቀው። ዋተርሼድ ላይ ያለው «በርደን» ደግሞ ይባስ። ሸጋ፣ ለስላሳ ዘፈን ነው። መጨረሻው ላይ አንድ አኮስቲክ ጊታር ብቻውን ይቀርና ዜማውን እየለቀመ ሳለ መቃኛዎቹ መዞር ይጀምራሉ። እጁ መልቀሙን አያቆምም፤ ክሮቹ ግን በየተራ እየላሉ ይወርዳሉ። ዜማው ይጣመማል፣ ከዚያ ይቀልጣል፣ ከዚያ የላላ ክር ብቻ ይቀራል። ፍላሹን ይዛችሁ ወደ ሙዚቃ ቤቱ አትመለሱ፤ ልጁ በድጋሚ ቢጭንላችሁም ያው ነው።