የጎንደር አዝማሪ፦ ግማሹ ዘፋኝ፣ ግማሹ ተዋናይ

አዝማሪ ማሲንቆውን እየገዘገዘ ግጥም የሚያፈልቅ፣ የሚያሞግስ፣ የሚሸነቁጥ፣ የሚያስቅ ሰው ነው። ጎንደር ደግሞ ከሙያው ዋና መፍለቂያዎች አንዷ ናት። በአካባቢው ያለችው ቡርቧክስ የአዝማሪ መንደር ተብላ ትታወቃለች። አዲስ አበባ አዝማሪ ቤት ከሚሠሩት መካከልም ብዙዎቹ የትውልድ ሐረጋቸው ወደ ጎንደር ገጠር ይመዘዛል።

ሙያው በዘር ይወረሳል። ልጅ ከአባቱ ወይም ከአጎቱ ሥር ሆኖ ሠርግ ለሠርግ እየዞረ ይለምዳል። ድሮ አዝማሪ የሚያገባው ከአዝማሪ ቤተሰብ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሌላው ሰው በዘፈኑ ይደሰታል እንጂ ልጁን አይድርለትም። ባል ማሲንቆ ሲመታ ሚስት ትዘፍናለች፣ እስክስታ ትወርዳለች፣ ነገር ታቀብላለች። ማሲንቆ የምትመታ ሴት ግን ብዙ አትገኝም።

መሣሪያው ራሱ ቀላል ነው። ቆዳ የተወጠረበት ባለ አራት ማዕዘን የእንጨት ገበታ፣ ረጅም እጀታ፣ ከፈረስ ጭራ የተሠራ አንድ ክር፣ አንድ ደጋን። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ፣ አራቱም ቅኝቶች ከዚያች አንድ ክር ይወጣሉ።

ሰው የሚሰበሰበው ግን ለጨዋታው ነው። አዝማሪው ቤት ውስጥ በየዱካው ይዞራል። መነጽር ያደረገውን፣ መላጣውን፣ ከፍቅረኛው ጋር ጥግ የያዘውን፣ አንድ ብርሌ ጠጅ ይዞ ሰዓቱን የሚገፋውን ሁሉ በዓይኑ ይመዝናል። ከዚያ አንዱ ፊት ይቆምና ፊቱን ያጨማድዳል፤ የሰውየውን አቀማመጥ፣ አስተያየት፣ አጠጣጥ ያስመስላል። ቄስ ይሆናል፣ ሰካራም ይሆናል፣ ገበያ የወጣ ባላገር ይሆናል። ግጥሙ የሚመጣው ሰዉ መሳቅ ከጀመረ በኋላ ነው። እጁን ከኪሱ አላወጣ ላለ እንግዳ እንዲህ ያለ ነገር ይወርድበታል፦

እጁ ከኪስ ገብቶ እንቅልፍ ወሰደው ወይ፣
በማሲንቆዬ ድምፅ ቀስ ብዬ ልጥራው ወይ።

እጁ ቢነቃ ብሩ አዝማሪው ግንባር ላይ ይለጠፋል። ባይነቃ ሁለተኛው ግጥም ከመጀመሪያው ይብሳል። መኮሳተር ደግሞ ጭራሽ አያዋጣም፤ ቤቱ ሁሉ በሰውየው ላይ ይዞራል።

ታዳሚውም ዝም ብሎ አይቀመጥም። «ተቀበል!» ይልና ስንኙን ራሱ ይሰጣል። አዝማሪው ሐረጉን በዜማ ደግሞ ይመልሰዋል። ሁለት ጠጪዎች በአንድ አዝማሪ አፍ ሲሰዳደቡ ማምሸታቸው የተለመደ ነው፤ ስድቡ የሌላ ሰው ነውና አዝማሪውን የሚቀየመው የለም። እኔ ከሁሉም የማደንቀው ይህችን ነው፤ ያንን ሁሉ ነገር አስተላልፎ ከሁለቱም ይሸለማል። አዝማሪዎች እርስ በርስ የሚግባቡበት የራሳቸው ቋንቋም አላቸው። ማን ገንዘብ እንዳለው፣ ማን ነገረኛ እንደሆነ ሰውየው ራሱ ፊት ሊነጋገሩበት ይችላሉ።

ነጻነቱ ልክ ነበረው። በኅዳር 1845 ዓ.ም. ደጃዝማች ጎሹና የቋራው ካሣ፣ ማለትም የኋላው ዐፄ ቴዎድሮስ፣ ጉር አምባ ላይ ሊዋጉ ሲሰለፉ የጎሹ አዝማሪ ካሣን በግጥም ተሳለቀበት ይባላል። ጎሹ ሞተ፣ አዝማሪው ተማረከ። ካሣ ለምን እንደሰደበው ሲጠይቀው እዚያው በግጥም መለሰ፤ ለእንዲህ ያለ ቀልባጣ አዝማሪ የሚገባው ሽመል ነው አለ። ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ መልስ ነፍስ ያድናል። ያን ቀን ግን አላዳነም፤ በራሱ ፍርድ በሽመል ተደብድቦ ሞተ ተብሎ ይተረካል። ጣሊያንም አዝማሪን ንቆ አልተወውም። በየካቲት 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ፣ ወሬ ያዛምታሉ የተባሉ አዝማሪዎችና ጠንቋዮች ተለቅመው ተገድለዋል።

ከቤተ ክርስቲያን ጋር ያለው ነገር ደግሞ ለየት ይላል። የጎንደር በአታ ቤተ ክርስቲያን የአቋቋም፣ ማለትም በመቋሚያና በጸናጽል የሚቀርበው የማኅሌት ዜማ፣ ትምህርት ማእከል ናት። ካህናቱ አዝማሪን በበጎ ዓይን አያዩትም፤ እሱም በበኩሉ ደብተራን መቀለጃ ያደርጋል። ሆኖም ሁለቱም ቤት የሚከበረው ወርቁን በሰሙ የሚሸፍን ሰው ነው። ጠጅ ቤት የሚያመሹ ሊቃውንት ለአዝማሪ ሲያቀብሉ ኖረዋል ብዬ ብገምት የምሳሳት አይመስለኝም።

በደርግ ጊዜ ብዙ ባለሙያ ወደ ኪነት ቡድን ገባ። ጎንደርም የራሷ ፋሲለደስ የኪነት ቡድን ነበራት። የዚያ ዘመን ሰዓት እላፊ የሌሊት ጨዋታን ክፉኛ ጎድቶት ስለነበር፣ ከ1983 ዓ.ም. በኋላ አዲስ አበባ ላይ አዝማሪ ቤት እንደ አሸን ፈላ፤ ጎንደሬው ወጣትም ማሲንቆውን ይዞ ተከተለ። አሁን ማጉያና ኪቦርድ ገብቷል። ማጉያው በጆሮ ተጠግቶ የሚነገረውን ነገር ገድሎታል ባይ ነኝ።

ገቢው ወቅት ይጠብቃል። ጥር ሲገባ ጥምቀት አለ፣ ሠርግ አለ፤ ጎንደርም በእንግዳ ትሞላለች። ሽልማቱን አብረው የተጫወቱት ይካፈሉታል። ከዚያ የዐቢይ ጾም 55 ቀን ይመጣል፤ ሠርግ የለም፣ ጨዋታው ይቀዘቅዛል። እርሻ ያለው ወደ እርሻው ይሄዳል፣ የሌለው ፋሲካን ይጠብቃል።