ጂኤልኤፍደብሊው፦ ኮልባክና የመስኮቱ ፖይንተር

ጂኤልኤፍደብሊው በሲ ፕሮግራሚንግ ቋንቋ የተጻፈ ነጻ ላይብረሪ (ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት ዝግጁ ኮድ) ነው። በኦፕንጂኤልና በቩልካን ግራፊክስ ለሚስሉ ፕሮግራሞች መስኮት ይከፍታል፤ የኪቦርድና የማውስ እንቅስቃሴም ያደርሳል። ቁልፍ ሲጫን ወይም መስኮት ሲሰፋ ለፕሮግራሙ የሚነግረው በኮልባክ ነው፦ ፕሮግራመሩ ፈንክሽን ጽፎ አስቀድሞ ያስመዘግባል፣ ላይብረሪው ጊዜው ሲደርስ ይጠራዋል። ብዙውን ጊዜ ይህ የሚሆነው ፕሮግራሙ ራሱ «ፖል ኢቨንትስ» ወይም «ዌይት ኢቨንትስ» የሚባለውን ፈንክሽን በጠራበት ቅጽበት፣ በዋናው ትሬድ (በፕሮግራሙ ዋና የሥራ መስመር) ላይ ነው።

የቁልፍ ኮልባክ 5 ነገሮች ይቀበላል፦ መስኮቱን፣ ቁልፉን፣ ስካን ኮዱን (የኪቦርዱን የራሱን የቁልፍ ቁጥር)፣ ቁልፉ ተጫነ ወይስ ተለቀቀ የሚለውን፣ እንደ ሺፍት ያሉ አብረው የተያዙ ቁልፎችን። የፕሮግራሙ የራሱ ዳታ ግን ከነዚህ ውስጥ የለም። የግራ ቀስት ሲጫን ኳስ ማንቀሳቀስ ቢያስፈልግ፣ ኳሱ ያለበትን ቦታ ኮልባኩ ከየት ያምጣው? ጀማሪ ብዙ ጊዜ ግሎባል ቫሪያብል (ከሁሉም ፈንክሽን የሚደረስበት) ያደርገዋል፤ ሁለተኛ መስኮት ሲከፈት ግን የማን ኳስ እንደሆነ ይጠፋል።

ለዚህ ሲባል ከ2013ቱ ስሪት 3.0 ጀምሮ እያንዳንዱ መስኮት አንድ ቮይድ ፖይንተር፣ ማለትም የዳታው ዓይነት ያልተገለጸ የሜሞሪ አድራሻ፣ ይይዛል። የኳሱ ስትራክት (ዳታውን በአንድ ላይ የያዘው ጥቅል) አድራሻ በ«ሴት ዊንዶው ዩዘር ፖይንተር» ይቀመጣል፤ ኮልባኩ ውስጥ በ«ጌት ዊንዶው ዩዘር ፖይንተር» ተወስዶ ወደ ትክክለኛው የዳታ ዓይነት ይመለሳል። በሲ ፕላስ ፕላስም የክላስ ሜምበር ፈንክሽን በቀጥታ ኮልባክ መሆን ስለማይችል፣ «ዚስ»ን (የኦብጀክቱን የራሱን አድራሻ) እዚሁ አስቀምጦ በስታቲክ ፈንክሽን በኩል መጥራት የተለመደ ነው። በ2019 የወጣው 3.3 ለሞኒተርና ለጆይስቲክም ተመሳሳይ ፖይንተር ጨምሯል።

ላይብረሪው ፖይንተሩን ይይዛል እንጂ ውስጡን አያይም፣ ሜሞሪውንም አይለቅም። ትልቁ አደጋ ያለው እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ስትራክቱ መስኮቱን በሚያዘጋጀው ፈንክሽን ውስጥ እንደ ሎካል ቫሪያብል ከተፈጠረ፣ ፈንክሽኑ ሲያበቃ አብሮት ያበቃል፤ ፖይንተሩ ግን ያንኑ አድራሻ እንደያዘ ይቀራል። ኮምፓይለሩ ዝም ሊል፣ ፕሮግራሙም ለጊዜው ደህና መስሎ ሊሠራ ይችላል። ስለዚህ ዳታው ከመስኮቱ ቀድሞ መፈጠር፣ ከመስኮቱም በኋላ መለቀቅ አለበት።

ለአንድ መስኮት በየዓይነቱ የሚያዘው አንድ ኮልባክ ብቻ ነው፤ አዲሱ ሲመዘገብ የቀድሞው ይተካና አድራሻው ይመለሳል። እንደ ዲር ኢምጂዩአይ ያለ፣ በመስኮቱ ላይ በተኖችና ሜኑዎች የሚሠራ ላይብረሪ የራሱን ኮልባክ ካስመዘገበ በኋላ የእርስዎን ቢያስመዘግቡ፣ የቀድሞውን ከራስዎ ኮልባክ ውስጥ ካልጠሩት በስተቀር የዚያ ላይብረሪ በተኖች የማውስ ጠቅታ መስማት ያቆማሉ።

መስኮትን ኮልባክ ውስጥ ሆኖ ማጥፋት ክልክል ነው። «ሴት ዊንዶው ሹድ ክሎዝ» ብሎ ምልክት ማድረግና ማጥፋቱን ለዋናው ሉፕ መተው ይገባል።